ከሌባ ሻይ እስከ ተከላካይ ጠበቃ

 

በሬድዮ የሰማችሁትን ንግግር እነሆ ዛሬ በወረቀት ላይ ታነቡታላችሁ። ፊደል ለይታችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ገና ጥቂት ጊዜ ነውና አትቸኩሉ። ያልገባችሁን መስመር ደግማችሁ አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።

የዛሬው ርዕሳችን ሕግ ነው። ሕግ ሲባል ብዙ ነው። የመሬት ሕግ አለ፤ የጋብቻ ሕግ አለ። እኛ የምንነጋገረው ግን በወንጀል ስለተጠረጠረ ሰው ነው። በግ ጠፋ፣ ጎጆ ተቃጠለ፣ ሰው ቆሰለ እንበል። ጣት ወደ አንድ ሰው ተቀሰረ። ያ ሰው ምን ይደረጋል? አጥፍቶ ከሆነ በምን ይታወቃል? ያላጠፋ ከሆነስ ማን ያድነዋል?

ይህን ጥያቄ የላስታ አባቶችም ጠይቀውታል። መልስም ሰጥተውታል። መልሱ ግን ከዘመን ወደ ዘመን ተለውጧል። የተለወጠበትን ምክንያት ካወቅን፣ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ብንጠራ ምን ማለትና ምን መፈረም እንዳለብን አይጠፋንም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በሕግ አምላክ

ጥንት በላስታም በዋግም በሌላውም ደጋ አገር ዛሬ እንደምናየው ያለ ፖሊስ ጣቢያ አልነበረም። ታዲያ ጥፋተኛን ማን ይይዘው ነበር? ማንም ሰው ይይዘው ነበር። መያዣው ገመድ ብቻ አይደለም፤ ቃል ነበር። ቃሉም «በሕግ አምላክ!» የሚል ነው።

ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው ዱላ ይወርዳል። የሚሸሸው ይቆማል። አልቆምም ያለ ሰው በባላጋራው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕግ ላይ እንዳመፀ ይቆጠር ነበር። ይህን ቃል ዛሬም ታውቁታላችሁ። በሰፈር ጠብ ሲነሣ ትሰሙታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ተከሳሹ ቢያመልጥስ? ስለዚህ የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። አንዳንድ ጊዜም በሰንሰለት ይታሰራሉ። አንዱ ሲቆም አንዱ ይቆማል፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይከተላል። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬ ቁራኛ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን በአፋችን ላይ አለ። በሽተኛ ከመኝታው መነሣት ሲያቅተው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። በቅርብ የሚጠበቅ ሰውንም «በዓይን ቁራኛ ይጠበቃል» እንላለን።

ዋስ ያለው ሰው ግን በቁራኛ አይያዝም ነበር። ዳኛው «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋሱ «እኔ አቀርበዋለሁ» ብሎ ቃል ሲገባ ተከሳሹ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልብ በሉ! ዋስ ዛሬ ከውጭ አገር የመጣ ነገር አይደለም። ከጥንት ጀምሮ የኛው ነው።

ሌባ ሻይ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሌባው በእጅ ከተያዘ ነገሩ ቀላል ነው። ባይታወቅስ?

አንዱ ዘዴ ሌባ ሻይ ይባል ነበር። ይህ የምንጠጣው ሻይ አይደለም። ሻ ማለት ፈለገ ማለት ነው። ሌባ ሻይ ማለትም ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሌባ ሻዩ አንድ ትንሽ ልጅ ያመጣል። ለልጁ መድኃኒት የገባበት መጠጥ ያጠጣዋል። ልጁ ራሱን ይስታል። ወገቡ በመቀነት ታስሮ፣ ሰውዬው ጫፉን ይዞ ከኋላ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይሄዳል። ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። የጠፋውንም ዕቃ ይከፍላል።

እስቲ አስቡት! ልጁ ያየው ነገር የለም። የሚያውቀው ነገር የለም። ለእርሱም ቢሆን መመረዝ ነው። ቤቱ የተገባበት ሰው «እኔ አልሰረቅሁም» ቢል ማን ይሰማዋል? «ልጁን ልጠይቀው» ቢል ልጁ ምን ብሎ ይመልስለታል? ያልተጠየቀ ምስክር ምስክር አይደለም። ሌባ ሻይ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ከሠራ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ።

አውጫጭኝ

ሁለተኛው ዘዴ አውጫጭኝ ነው። በብዙ ቦታ አፈርሳታ ይባላል። በአካባቢው ወንጀል ሲፈጸምና አጥፊው ሲጠፋ፣ ሕዝቡ ሁሉ በሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ተሰብሳቢው እየማለ የሚያውቀውን እንዲናገር ይደረጋል። ያየውን በግልጽ መናገር የሚፈራ ሰው ነገሩን በምስጢር ያደርሳል። ተናጋሪውም «ወፍ ነገረችኝ» ይል ነበር። አጥፊው እስኪወጣ ሰው እርሻውን ትቶ ይውላል፤ ይመላለሳል። በመጨረሻም አጥፊው ካልተገኘ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ አገሬው በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል።

አውጫጭኝ ከሌባ ሻይ ይሻላል። ምክንያቱም የሚጠየቀው ሰው አእምሮ ያለው ሰው ነው፤ የሚናገረውም ያየውንና የሰማውን ነው። አገሬውም አብሮ ኃላፊነት ይወስዳል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ ወፍ ተብላ የተጠራችው ማን እንደሆነች ተከሳሹ አያውቅም። ቂም ያለው ሰውም ወፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ያላጠፋው ከአጥፊው ጋር እኩል ይከፍላል።

ሁለቱን ዘዴዎች በላሊበላ በደረሰ ነገር እንመዝናቸው። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ይህን የማያውቅ የላስታ ሰው የለም። ሕዝቡ አዘነ፤ አለቀሰ። ሌባ ሻይ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ልጁ ሮጦ ሮጦ አንዱ ጎጆ ውስጥ ይተኛ ነበር። የዚያ ጎጆ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይቀር ነበር። አውጫጭኝ ቢጠራስ? አገሬው ሁሉ ከሜዳ ውሎ፣ ካሣ ከፍሎ ይበተን ነበር። መስቀሉ ግን ላስታ ውስጥ አልነበረም። ባሕር ተሻግሮ ቤልጂግ አገር፣ በአንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። እንግዲህ ሐዘናችን ትልቅ መሆኑ ጥርጣሬያችንን እውነት አያደርገውም። ነገሩ በከበደ ቁጥር ማስረጃው መጠንከር አለበት።

በላ ልበልሃ

ሦስተኛው የአባቶች ሥርዓት ክርክር ነው። በላ ልበልሃ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር በዳኛ ፊት ይቆማሉ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ይከራከራሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ሌላው ይመልሳል። ማር ወይም በቅሎ እያስያዙ ይወራረዳሉ። ይህ እሰጥ አገባ ይባል ነበር። ሕዝቡም ዙሪያውን ከቦ ያዳምጣል።

በዚህ ሥርዓት ትልቅ ቁም ነገር አለ። ችሎቱ በግልጽ ይታያል። ተከሳሹ ከሳሹን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ይጠይቀዋልም። ነገሩ ሲከብድ የቤተ ክህነት ሊቃውንት ፍትሐ ነገሥትን ይጠቅሳሉ። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በዓረብኛ የተዘጋጀና በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ የሕግ መጽሐፍ ነው። ለምስክርነት ሁለት ወይም ሦስት ሰው የሚፈልገው ሥርዓትም ከኦሪት የመጣ ነው።

ጉድለቱስ? በክርክር የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ አንደበቱ የተባ ሰው ነበር። መናገር የማይችል፣ የሚያስይዘው በቅሎ የሌለው ደሀ እውነት ይዞ ይረታል። ገንዘብ ያለው ነገረ ፈጅ ያቆማል። ነገረ ፈጅ ማለት ዛሬ ጠበቃ የምንለው ነው። የተረታው ደሀ ይግባኝ ለማለት ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ ይሄዳል። ከወረዳ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም ወደ አፈ ንጉሥ፣ በመጨረሻም ንጉሡ ራሱ ወደሚያስችልበት ወደ ዙፋን ችሎት «አቤት! አቤት!» እያለ ይጓዛል። ከላስታ አዲስ አበባ በእግር ስንት ቀን እንደሚፈጅ አባቶቻችን ያውቁታል።

ሕግ ከጆሮ ወደ ወረቀት

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አደረጉ። በ1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በጽሑፍ ወጣ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተሰጠ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶችና ፖሊስ በአዋጅ ተደራጁ። በዚያው ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ።

ነጋሪት ጋዜጣ የሚለውን ስም ደግማችሁ አንብቡት። ነጋሪት ከበሮ ነው። ቀድሞ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። ሕግ በጆሮ ይሰማ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሕግ በወረቀት ታትሞ ይወጣ ጀመር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የተጻፈ ነገር አይለወጥም፤ ሹም በወደደ ቀን ሊያጥፈው አይችልም። ነገር ግን ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ሕጉ ከጆሮው ርቆ ሄደ። ነጋሪቱን ይሰማ ነበር፤ ጋዜጣውን ግን አያነበውም።

የተጻፈው ሕግ ምን ይል ነበር? ሦስቱን ብቻ እንይ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዘዘ። የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆጠር ደነገገ። ቅጣት የራስ ነው፣ ማንም በሌላው ጥፋት አይቀጣም አለ። ይህ ለአውጫጭኝ የተሰጠ መልስ ነው ብንል አንሳሳትም።

በ1949 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ የሕግ ሊቅ ነበሩ። ሕጉ፣ አስቀድሞ በሕግ ወንጀል ተብሎ ባልተጻፈ ነገር ማንም እንዳይቀጣ ደነገገ።

በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ፖሊስንና ተጠርጣሪን በቀጥታ ይመለከታል። ፖሊስ ሲጠይቀው ተጠርጣሪው መልስ እንዲሰጥ አይገደድም አለ። ያለመመለስ መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አስቀድሞ እንዲነገረው አዘዘ። ማስፈራራትንና በተስፋ ማባበልን ከለከለ። አሜሪካ አገር ሚራንዳ በተባለ ሰው ጉዳይ ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ በፍርድ የታዘዘው በ1958 ዓ.ም. ነው። በኛ አገር ከዚያ ቀድሞ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር።

በወረቀት ላይ መስፈርና በሥራ ላይ መዋል ግን ሁለት ነገር ነው። ይህን ቀጥሎ የመጣው ዘመን አሳየን።

ፍርድ የጠፋበት ጊዜ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ አለቀ። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከእናንተ መካከል ያንን ዘመን ያየ አለ፤ ከወላጁ የሰማም አለ። ረሃቡ ለምን ተደበቀ? ማን ነው ተጠያቂው? ይህን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሹማምንቱ ታሰሩ። ከነዚህም መካከል የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ነበሩ። ኮሚሽኑ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ቃል ይመዘግብ ጀመር።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። አክሊሉም እንዳልካቸውም በዚያ ሌሊት ተገደሉ። ያን ጊዜ «ደግ ሆነ፣ የወሎ ደም ተመለሰ» ያለ ሰው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ብላችሁ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ፍርድ ቢደረግ ኖሮ የወሎ ገበሬ ችሎት ፊት ቆሞ ያየውን ይመሰክር ነበር። ሹማምንቱም መልስ ይሰጡ ነበር። ማን ምን እንዳጠፋ፣ ማን እንዳላጠፋ ተለይቶ በመዝገብ ይጻፍ ነበር። ጥይቱ የተከሳሾቹን አፍ ብቻ አይደለም የዘጋው፤ የተበዳዩንም ምስክርነት ዘጋው። ያለ ፍርድ የሚደረግ ቅጣት ተበዳይንም ይጎዳል የምንለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወጣት በየመንገዱ ወደቀ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ብዙ ሕዝብ ፊደል ቆጠረ። ይህ መልካም ሥራ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ክስ ሳይነበብለት የታሰረ ሰው ጥቂት አልነበረም። ሕዝቡ ማንበብ ተማረ፤ የሚነበበው ሕግ ግን አልተከበረም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ባለሥልጣኖቹ ተያዙ። አሁንም «እነርሱ እንዳደረጉት ይደረግባቸው» ያለ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የዋናዎቹ ባለሥልጣኖች ችሎት ተከፈተ። ሊቀ መንበሩ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ሸሽተው ስለነበር በሌሉበት ተከሰሱ። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸው ተከሳሾች ነበሩ። ለነርሱ መንግሥት ራሱ ጠበቃ አቆመ። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የተቋቋመውም በዚያን ጊዜ አካባቢ ነው። ጠበቃ ነስተዋል ለተባሉት ጠበቃ ተሰጣቸው! ከየወረዳው የመጡ ወላጆች የልጆቻቸውን አሟሟት በችሎት መሰከሩ። ቃላቸው ተጻፈ። የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው።

ይህም ሥራ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። 12 ዓመት መፍጀቱ ለተበዳይም ለተከሳሽም ከባድ ነበር። የዘገየ ፍርድ እንደተነፈገ ፍርድ ነው። ቢሆንም በመዝገብ ላይ የቀረ እውነት አለ።

ዛሬ ሰው ሲያዝ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19፣ 20 እና 21 የተያዘንና የተከሰሰን ሰው መብት ይዘረዝራሉ። እነዚህን ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ። አሁን ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ እንይ።

«ፖሊስ በመጥሪያ ቢጠራኝ ልቅር?» አይቅሩ፤ ይሂዱ። መቅረት ለመያዝ ምክንያት ይሆናል። እንደደረሱ «የተጠራሁት በምስክርነት ነው ወይስ በተጠርጣሪነት?» ብለው ይጠይቁ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

«ፖሊስ ሲይዘኝ ልታገል?» በፍጹም። ንጹሕ ሰው እንኳ ፖሊስ ቢመታ አዲስ ወንጀል ይሠራል። ክርክሩ በዳኛ ፊት ነው። ጉቦም አይስጡ። ጉቦ ሰጪም ተቀባይም በሕግ ይጠየቃሉ።

«ለምን እንደተያዝኩ ይነገረኛል?» አዎን፣ ወዲያውኑ፣ በሚገባዎ ቋንቋ። ከዋግ በኩል የመጣ ኽምጣና ብቻ የሚናገር ሰው ቢያዝ፣ በአማርኛ ቢጮኹበት እንደተነገረው አይቆጠርም።

«ዝም ብል ያስቀጣኛል?» አያስቀጣም። ስምዎንና አድራሻዎን ይናገሩ። ከዚያ በላይ ያለመናገር መብት አለዎ። የሚናገሩት ግን በችሎት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አይናገሩ። ለመገላገል ብለውም ያላደረጉትን አደረግሁ አይበሉ።

«ደብድበው ቢያናግሩኝስ?» ይህ ወንጀል ነው። በመገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት የለውም ይላል ሕገ መንግሥቱ። የሆነውን ሁሉ ለዳኛው ይንገሩ። ቁስል ካለ ያሳዩ፤ በመዝገብ እንዲጻፍም ይጠይቁ።

«ስንት ጊዜ ያቆዩኛል?» በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብዎ። ከተያዙበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው የመንገድ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። አገራችን ተራራና ገደል ስለሆነ ይህ ልብ ሊባል ይገባል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የተያዘ ሰው የሚጓዝበት ጊዜ ለብቻው ይታያል። ከደረሰ በኋላ ግን ሰዓቱ ሰዓት ነው። የተያዙበትን ቀንና ሰዓት ቤተሰብ በወረቀት ይጻፍ። ከናንተ መካከል አንድ ማንበብና መጻፍ የጀመረ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል።

«በዋስ መውጣት እችላለሁ?» በዋስ መፈታት መብት ነው። በሕግ በተደነገጉ አንዳንድ ከባድ ጉዳዮች ዳኛው ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ዳኛ ፊት ሲቀርቡ ዋስ እንዳለዎ ይናገሩ። ካልተናገሩ ማን ያውቅልዎታል?

«ቤተሰብ ሊጠይቀኝ ይችላል?» አዎን። ባል ወይም ሚስት፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጠይቁዎ ይችላሉ።

«ጠበቃ የማቆምበት ገንዘብ የለኝም።» ይህን በግልጽ ለፍርድ ቤቱ ይናገሩ። ጠበቃ በማጣት ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ደሀው እውነት ይዞ እንዳይረታ የተሰጠ መልስ ይህ ነው።

«ከተፈረደብኝስ?» ይግባኝ አለ። በወረዳ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ወልድያ ወደሚገኘው ወደ ሰሜን ወሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከዚያም በላይ በባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ይግባኝ የጊዜ ገደብ ስላለው የፍርዱን ግልባጭ ሳይዘገዩ ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ለአጥፊ መከላከያ ነው የሚል ሰው ይኖራል። በጉ የጠፋበት ሰው «ሌባ ስታጠግቡ!» ይል ይሆናል። ልክ ነው፣ ተበዳይ ሊካስ፣ አጥፊም ሊቀጣ ይገባል። ነገር ግን ንጹሑ ሰው ሲታሰር እውነተኛው ሌባ ገበያ ውሎ ይመለሳል። ማስረጃ መጠየቅ ሌባን ማዳን አይደለም፤ ትክክለኛውን ሌባ መፈለግ ነው። አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያሉት ይህን አውቀው ነው።

ሕጉ ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ አላታልላችሁም። የሚጥሱት አሉ። ነገር ግን መብቱን የሚያውቅና የሚያነብ ሰው በበዛ ቁጥር መጣስ ይከብዳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልበል። ፖሊስ ጣቢያ የምትሰጡት መልስ «ቃል» ይባላል። ቃላችሁ በሌላ ሰው እጅ ይጻፋል። ከዚያ «እዚህ ላይ ፈርም» ወይም «ጣትህን አትም» ይባላል። ጣት ማተም ቀላል ነው፤ አንድ አፍታ አይፈጅም። የታተመው ግን ዓመታት ሊያሳስር ይችላል። እንግዲህ ማንበብ ከቻላችሁ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ቢቸኩሉባችሁም አትቸኩሉ። ያላላችሁት ተጽፎ ከሆነ «ይህን አላልሁም፣ ይስተካከልልኝ» በሉ። ማንበብ ካልቻላችሁ «ይነበብልኝ» በሉ። ባዶ ወረቀት ላይ ከቶ አትፈርሙ።

የሌባ ሻዩ ልጅ ያየው ነገር ሳይኖር ሰው ላይ መሰከረ። ሳያነብ የሚፈርምም ሰው በራሱ ላይ እንዲሁ ያደርጋል።

ለመወያያ

1. በሌባ ሻይና በአውጫጭኝ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተደረገው ነገር የወሎን ተበዳዮች የጎዳው እንዴት ነው?

3. ከጎረቤታችሁ አንድ ሰው ዛሬ ማታ ቢያዝ፣ ነገ ጠዋት ቤተሰቡ ምን ምን ማድረግ አለበት? ሦስት ነገር በደብተራችሁ ጻፉ።